ፀሐይ ጉልበቷን ከየት ታመጣለች? ግቢያችሁ ውስጥ ሆናችሁ ድረሱበት

ፀሐይ እሳት ናት ሲባል ሰምተን አድገናል። አይደለችም። ይህን ለማረጋገጥ ደግሞ እኔንም ሆነ ሌላ ሰው ማመን አያስፈልጋችሁም። ጎንደር ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው ግቢ ካላችሁ፣ አንድ ትሪ፣ አንድ ሊትር ውሃ፣ ቴርሞሜትርና ስልክ ካላችሁ በአንድ ቀትር ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። የቀረው ማባዛትና ማካፈል ነው፤ እሱንም ስልኩ ይሠራዋል።

አካሄዳችን እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፀሐይ በሰከንድ ምን ያህል ጉልበት እንደምትረጭ እንለካለን። ከዚያ "ይህን ሁሉ እየሰጠች ስንት ዘመን ትቆያለች?" ብለን የምናውቃቸውን ማገዶዎች አንድ በአንድ እንሞክራለን። የማያደርሰውን እንጥላለን። የሚተርፈውን እንይዛለን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። ፀሐይን በዓይናችሁ ቀጥታ አትዩ። ግርዶሽ በመጣ ቁጥር ኤክስሬይ ፊልም ወይም በጥላሸት የጠቆረ መስታወት ይዞ የሚወጣ አይጠፋም፤ ሁለቱም አያድኑም። የዓይን ጀርባ ሲቃጠል አያምም፣ ችግሩም እሱ ነው። የሚታወቃችሁ ካለፈ በኋላ ነው። እዚህ የምንሠራውን ሁሉ ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን እንሠራዋለን።

ከቆርቆሮው ቀዳዳ ጀምሩ

ኮርኒስ የሌለው ማድ ቤት ወይም ዕቃ ቤት ፈልጉ። ሚስማር የተነቀለበት ቆርቆሮ ካለ፣ ከቀዳዳው የወረደች ትንሽ ክብ ብርሃን ወለሉ ላይ ታገኛላችሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እያየናት ከቁም ነገር ያልቆጠርናት ነገር ናት። ቀዳዳው የተቦጨቀ ይሁን ሦስት ማዕዘን፣ ወለሉ ላይ የምታርፈው ክብ ናት። ለምን? የቀዳዳው ቅርጽ ስላልሆነች። የራሷ የፀሐይ ምስል ናት። ስስ ደመና ሲያልፍ ልብ በሉ፣ ደመናው ወለሉ ላይ በክቧ ውስጥ ሲሻገር ይታያችኋል፤ ያውም በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ምክንያቱም ምስሉ የተገለበጠ ነው። ትንሽ ቆም ካላችሁ ደግሞ ክቧ ስትንፏቀቅ ታያላችሁ። በ2 ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ትሄዳለች። ማድ ቤቱ ውስጥ ጭስ ካለ የብርሃኑ መንገድ ከቆርቆሮው እስከ ወለሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አሁን ለኩ። ነጭ ወረቀት በካርቶን ላይ ለጥፉና ብርሃኑ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍበት አዘንብሉት። ክቧ እንደ እንቁላል ከሞለለች ወረቀቱ አልተስተካከለም ማለት ነው። ስፋቷን በማስመሪያ ለኩ፣ የቀዳዳውን ስፋት ቀንሱ። ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በክር ውሰዱ። ርቀቱ 3 ሜትር ከሆነ ክቧ 2.8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ትሆናለች። ርቀቱን ለስፋቷ ስታካፍሉ 107 ገደማ ይወጣል፤ ቆርቆሮው ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም ያው 107 ነው።

እንግዲህ ፀሐይም ራሷ ከእኛ የራሷን ስፋት 107 ጊዜ ያህል ርቃለች ማለት ነው። ርቀቷ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ለ107 አካፍሉት፣ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። የፀሐይ ወርድ ይኸው ነው፤ 109 መሬት ጎን ለጎን ቢደረደር የሚሞላው። በሚስማር ቀዳዳ የተገኘ ቁጥር ነው እንግዲህ።

ትሪው

ትሪው ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ወርዱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ውስጡን ጥቁር ቀለም ቀቡት። ቴርሞሜትሩ የትኩሳት መለኪያ እንዳይሆን፤ ከፋርማሲ የምትገዙት ከ32 ዲግሪ በታች አያነብም፣ የእኛ ውሃ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው። የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ወይም የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ያስፈልጋችኋል።

ሰዓቱ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ስልካችሁ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲል ጎንደር ላይ ገና እኩለ ቀን አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው ከእኛ በስተምሥራቅ ላለ መስመር ስለሆነ ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ ሩብ ሰዓት ያህል ትቀድማለች፣ በየካቲት መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ያህል ትዘገያለች። ክረምትን እርሱት። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሰማይ ነው የሚሻለው።

ትሪውን ስፖንጅ ወይም የፍራሽ ቁራጭ ላይ አስቀምጡ፣ ከታች ሙቀት እንዳያመልጥ። ደጅ ያደረ የጀሪካን ውሃ አንድ ሊትር ጨምሩ። ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ ወጥሩበት፤ ካልወጠራችሁ ንፋሱና ትነቱ ልፋታችሁን ይበሉታል። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ውሃው ከአየሩ 3 ዲግሪ ያህል ሲቀዘቅዝ ጀምሩና 3 ዲግሪ ያህል ሲበልጠው አቁሙ። መጀመሪያ ላይ ከአየሩ የሰረቀውን ሙቀት መጨረሻ ላይ ይመልሳል፣ ሂሳቡ ይጣፋል። በየመሃሉ አማስሉት።

ውሃው በ10 ደቂቃ 6 ዲግሪ ጨመረ እንበል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ለመሞቅ 4186 ጁል ይፈልጋል። በ6 አባዙት፣ 25 ሺህ ጁል ገደማ። ለ600 ሰከንድ አካፍሉት፣ 42 ዋት። የትሪው ስፋት 0.049 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለእሱ አካፍሉት፤ በካሬ ሜትር 850 ዋት ያህል ይመጣል።

አሁን ማስተካከያ። ፀሐይ ልክ አናት ላይ ካልሆነች ትሪው የሚቀበለው በሰያፍ ነው። ሜዳ ላይ እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ከእንጨቱ ጫፍ እስከ ጥላው ጫፍ ክር ወጥሩ። የክሩን ርዝመት ለእንጨቱ ርዝመት አካፍሉና የወጣውን በዋቱ ላይ አባዙት። በታኅሣሥ ቀትር ይህ ቁጥር 1.24 ያህል ነው። ሚያዝያ 15 አካባቢ ግን ፀሐይ ጎንደር ላይ ልክ አናት ስለምትሆን እንጨቱ ጥላ የለውም፣ ማስተካከያም አያስፈልገው። ሌላው ጥላ የሌለበት ቀን ነሐሴ 13 አካባቢ ነው፣ ቡሄ ላይ ማለት ነው፤ ያኔ ደመናው ፀሐይን ካሳያችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ፈረንሳዊው ክሎድ ፑዬ እ.ኤ.አ. በ1838 የሠራው ከዚህ ብዙ አይለይም፦ የጠቆረ ዕቃ፣ ውሃ፣ ቴርሞሜትር። አየሩ የሚያስቀረውን አስልቶ ባሁኑ መለኪያ 1228 ዋት አካባቢ ደረሰ። ዛሬ በሳተላይት ከአየር በላይ የሚለካው 1361 ዋት ነው። እናንተ ከዚያ በታች ብታገኙ አትደንግጡ፣ አየሩ ድርሻውን ወስዷል፣ ውሃውና ላስቲኩም ትንሽ መልሰዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች በዚህ በኩል ከመተማ ይሻለናል። ደባርቅ ላይ ያለ ሰው ደግሞ እኛን ይበልጠናል።

ከትሪው ወደ ፀሐይ

ፀሐይን መሃል አድርጋችሁ፣ መሬት ባለችበት ርቀት ላይ ዙሪያዋን የሚከብ ግዙፍ ኳስ በሐሳባችሁ ሥሩ። የኳሱ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1361 ዋት ይደርሰዋል። የኳሱ ስፋት 4 ሲባዛ በ3.14 ሲባዛ በርቀቱ ሲባዛ እንደገና በርቀቱ ነው፤ ርቀቱ በሜትር 150 ቢሊዮን። ሁሉንም ስታባዙት 385 ይመጣና 24 ዜሮ ይከተለዋል። ይህ በዋት ነው። የህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅሙ 5150 ሜጋ ዋት ነው፤ እሱን የሚያህል 75 ሺህ ትሪሊዮን ግድብ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ መሬት የምታገኘው ከ2 ቢሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ክብደቷም ያስፈልገናል። መሬት በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር እየሮጠች ከምህዋሯ ሳትወጣ እንድትዞር ምን ያህል ስበት እንደሚያስፈልግ ከኒውተን ሕግ ይሰላል፤ 2 ኪሎ ግራም ብላችሁ 30 ዜሮ ጨምሩበት። ዝርዝሩን የፊዚክስ መምህራችሁ ይንገራችሁ፣ እኛ ወደ ማገዶው እንሂድ።

ከሰል ቢሆንስ?

ጥሩ ከሰል በኪሎ 30 ሚሊዮን ጁል ይሰጣል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ከሰል ናት እንበል፤ ማንደጃ ኦክስጅኑንም ከየትም ትምጣው፣ እሱን እንለፋት። የክብደቷን ቁጥር በ30 ሚሊዮን አባዙ፣ በሰከንድ ለምትረጨው ጉልበት አካፍሉ፣ ወደ ዓመት ቀይሩት። 5 ሺህ ዓመት። በቃ። የአክሱም ሐውልቶች ብቻ የዚህን ሲሶ ያህል ዕድሜ ቆመዋል። ሉሲ ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል፣ በጨለማ አልኖረችም።

እዚህ ላይ "የእኔ ልኬት እኮ ተሳስቶ ይሆናል" የሚል ይኖራል። ይሳሳት። በግማሽ ቢሳሳት 10 ሺህ ዓመት ይሆናል፣ በአሥር እጥፍ ቢሳሳት 50 ሺህ። ሉሲ ጋ አይደርስም። የዚህ ሥራ ደስ የሚለው ነገር ይህ ነው፤ ትሪውና ላስቲኩ ፍጹም መሆን የለባቸውም፣ ከሰሉ የሚወድቀው በትንሽ አይደለም። ቤንዚንም ጋዝም አስገቡበት፤ ያው ነው፣ በኬሚካል የሚነድ ነገር ሁሉ እዚያው ሺህ ቤት ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው ዕጩ ጠንከር ያለ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝና ብሪታኒያዊው ሎርድ ኬልቪን ፀሐይ በራሷ ክብደት ቀስ እያለች ስትኮማተር ትሞቃለች አሉ። ጋዝ ሲጨመቅ እንደሚሞቅ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሁሉ ያውቃል፣ ፓምፑ ይግላል። ሂሳቡ ሲሠራ ይህ መንገድ ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ያቆያል። ከከሰል ጋር ሲተያይ ሀብት ነው።

ግን አልበቃም። ማስረጃው ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ወጥታችሁ የሰሜን ተራሮችን ገደል ብታዩት ድርብርብ ሆኖ የተቆለለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ያ ብቻውን የኬልቪንን ዕድሜ ይጨርሳል። እሱ ደግሞ ላይኛው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በአውቶቡስ ስትመጡ ጎሐ ጽዮንን አልፋችሁ የአባይን በረሃ ስትወርዱ፣ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ታያላችሁ። ያ የባሕር ወለል ነበር። የባሕር እንስሳት ቅሪት አለበት። ዕድሜው ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። እነዚያ እንስሳት ፀሐይ ነበራቸው። ከሰማይ የሚወድቁት ድንጋዮች ደግሞ የፀሐይንና የመሬትን ዕድሜ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያደርሱታል። መኮማተሩም ወደቀ።

የጎደለው ግራም

አሁን የኬሚስትሪ መጽሐፋችሁን ፔሪዮዲክ ቴብል ክፈቱ። ሃይድሮጅን 1.008 ይላል። ሂሊየም 4.003 ይላል። አራት ሃይድሮጅን ደምሩ፣ 4.032። አራቱ ተዋህደው አንድ ሂሊየም ቢሆኑ 0.029 ጠፋ ማለት ነው፤ በመቶ 0.7 ያህል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ አስተን ይህን ጉድለት እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ በጥንቃቄ መዝኖ አሳየ። አርተር ኤዲንግተን ወዲያው በዚያው ዓመት የፀሐይ ምስጢር እዚህ ጉድለት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም አለ። የጠፋው ክብደት አልጠፋም፤ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 እንዳለው ወደ ጉልበት ተቀይሯል። ምንዛሬው በብርሃን ፍጥነት ሲባዛ በብርሃን ፍጥነት ነው።

ስሉት። ከአንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 7 ግራም ይቀየራል፤ 630 ትሪሊዮን ጁል። ይህ የ21 ሺህ ቶን ከሰል ጉልበት ነው። እንግዲህ የፀሐይን የሰከንድ ወጪ ለዚህ አካፍሉት፤ በየሰከንዱ 610 ሚሊዮን ቶን ሃይድሮጅን ይዋሃዳል፣ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ክብደት ብርሃንና ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለመዋሃድ የሚበቃ ሙቀት ያለው መሃል ላይ ብቻ ስለሆነ ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን ብቻ ቁጠሩና ዕድሜውን አውጡ። 10 ቢሊዮን ዓመት ይመጣል። 4.6ቱ ተበልቷል፣ ከግማሽ በላይ ይቀራል። ይህ ማገዶ አደረሰ።

"ሃይድሮጅን መኖሩን ማን አየ?" ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሴሲሊያ ፔይን እ.ኤ.አ. በ1925 በመመረቂያ ጽሑፏ የከዋክብትን ብርሃን ተንትና ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን አሳየች። በጊዜው የነበሩ ትልልቆቹ አልተቀበሏትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን እሷ ያለችው ልክ ሆኖ ተገኘ።

ውስጡ ምን ይመስላል?

የፀሐይ መሃል 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ነው፤ የአንድ ሊትር ቦታ 150 ኪሎ ይመዝናል፣ ከእርሳስ 13 እጥፍ ይከብዳል። ያም ሆኖ ጋዝ ነው። እዚያ ፕሮቶኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮናቸው የተገፈፈ ሃይድሮጅኖች፣ እየተላተሙ ይሮጣሉ። ሁለቱም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። በድሮው ፊዚክስ ስሌት 15 ሚሊዮን ዲግሪ እንኳ አይበቃም ነበር። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1928 ከጆርጅ ጋሞቭ የኳንተም ሥራ መጣ፦ ቅንጣቶች ጉልበታቸው የማይፈቅደውን ግድብ አልፎ አልፎ ሾልከው ያልፋሉ።

ሰንሰለቱ ሦስት እርምጃ አለው። ሁለት ፕሮቶን ይገናኛሉ፣ አንዱ ወደ ኒውትሮን ይቀየራል፣ ከባድ ሃይድሮጅን ይሆናሉ፤ በዚህ መሃል ኒውትሪኖ የምትባል መንፈስ መሳይ ቅንጣት ታመልጣለች። ያ ከባድ ሃይድሮጅን በሰከንዶች ውስጥ ሌላ ፕሮቶን ይይዝና ቀላል ሂሊየም ይሆናል። ሁለት ቀላል ሂሊየሞች ሲጋጩ ተራው ሂሊየም ይወጣል፣ ሁለት ፕሮቶን ይመለሳል። ሃንስ ቤተ ይህንን ከቻርልስ ክሪችፊልድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1938 አስልቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ለዚሁ መስክ ሥራው ኖቤል ተሸለመ።

የመጀመሪያው እርምጃ ነው ጉዱ። አንድ ፕሮቶን ይህ ዕድል እስኪደርሰው በአማካይ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ይጠብቃል። ፀሐይ እንደ ቦምብ የማትፈነዳው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የማያምነው ነገር ልንገራችሁ፦ የፀሐይ መሃል በአንድ ሜትር ኩብ ከ300 ዋት በታች ነው የሚያመነጨው። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ዝም ብሎ 100 ዋት ያህል ይሰጣል፤ ሜትር ኩብ በሞላ ሰው ሂሳብ ሲታይ የሰው ገላ ፀሐይን ይበልጣል። ፀሐይ የምታሸንፈው በግዝፈቷ እንጂ በኃይለኛነቷ አይደለም።

ደግሞ ራሷን ትቆጣጠራለች። ውህደቱ ትንሽ ከፈጠነ መሃሉ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል፣ ውህደቱም ይቀንሳል። ከቀነሰ ይጨመቃል፣ እንደገና ይሞቃል።

መሃል ላይ የተፈጠረው ጉልበት እስከ ገጿ ለመድረስ በአሥር ሺዎች ከፍ ሲልም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዓመት ይፈጅበታል፤ እየተዋጠ እየተተፋ ይንከራተታል። ከገጿ እስከ እናንተ ትሪ ግን 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ኒውትሪኖዎቹ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም፤ ከመሃል በ2 ሰከንድ ገደማ ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ካሬ በየሰከንዱ 65 ቢሊዮን ያህል በገላችሁ ውስጥ ያልፋሉ። ሌሊትም፣ በመሬት ውስጥ አልፈው፣ ከአልጋ ሥር ወደ ላይ።

እነሱ ናቸው የመጨረሻው ማረጋገጫ። ሬይ ዴቪስ በአሜሪካ ሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ጥልቅ ውስጥ የልብስ ማጽጃ ኬሚካል የሞላ ታንከር ቀብሮ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቆጠራቸው። መጡ፣ ግን ከተጠበቀው ሲሶ ያህል ብቻ። ለ30 ዓመት ያህል ሁሉም ግራ ገባው፤ ፀሐይ ልትጠፋ ነው እስከማለት የደረሰም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 እና 2002 የካናዳው ሰድበሪ መለኪያ ነገሩን ፈታው። ኒውትሪኖዎቹ በመንገድ ላይ ዓይነታቸውን ስለሚቀይሩ የዴቪስ ታንከር አንዱን ዓይነት ብቻ ነበር የሚያየው። ተደምረው ሲቆጠሩ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የጣሊያኑ ቦሬክሲኖ መለኪያ ከዚያ የመጀመሪያ እርምጃ፣ ከሁለቱ ፕሮቶኖች ግጭት የሚወጡትን ለብቻቸው ለይቶ ቆጠረ። ከትሪያችሁ የተነሣው ሂሳብና ከመሬት በታች የተቆጠረው ተገናኙ።

መምህር ሆናችሁ ይህን ከተማሪ ጋር የምትሠሩ ከሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለመጨረስ አትሞክሩ። ትሪው ለብቻው አንድ ቀትር ይብላ፣ በአራት በአምስት ቡድን ይለካና አማካዩ ይወሰድ፤ ሂሳቡን ለማግስቱ አቆዩት። ደግሞ ከሰሉን ከማስላታቸው በፊት ስንት ዓመት እንደሚያደርስ እያንዳንዱ ተማሪ ይገምት፣ ግምቱንም ከነስሙ ሰሌዳ ላይ ጻፉት። አንድ ሚሊዮን የማይል ካገኛችሁ ጎበዝ ነው።